ከወፍጮው ግድብ በላይ

ካርዲፍ፣ ሴፕቴምበር 30

ውድ እህቴ ዴሊስ፣

ከሰላምታ በፊት ይቅርታ ላስቀድም። ሁለት ደብዳቤሽ ደርሶኝ መልስ ሳልሰጥ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ሰነፍኩ ብልሽ ውሸት ነው፤ ተቀይሜ ነበር። ቅያሜዬ አሁንም አልወጣልኝም፤ ግን ላንቺ ካልጻፍኩ ለማን ልጽፍ ነው?

ዳሌዬ ደህና ነው። በአንድ ከዘራ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ሐኪሙ «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይለኛል፤ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ሳልሆን ትናንት ዳዴ ማለት የጀመርኩ ይመስል። ልጄ ግሪፍም ሚስቱም ይንከባከቡኛል። ሚስቱ ሻይ ስትቀዳልኝ ስኳሩን ራሷ ታማስልልኛለች። «የተሰበረው ዳሌዬ ነው እንጂ እጄ አይደለም» ብያታለሁ። ለምን አትደውዪም ላልሽው፣ ስልክ ሳነሳ የጆሮ መስሚያዬ ያፏጫል፣ አንቺም ትጮኺያለሽ፣ መጨረሻው ተኮራርፎ መዝጋት ነው። ደብዳቤ ይሻለናል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለልጅቷ፣ ለዚያች ታምሲን፣ መልስ ያልሰጠኋት የምላት ስላጣሁ ነው። «እርስዎ በጣሉት መሠረት ላይ እንገነባለን» ብላ ጽፋልኛለች። መሠረት ማለት መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር ነው፤ እኔ ገና አልተቀበርኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሄሊግ ወንዝ ተፋሰስ ኅብረትን ስመራ፣ ገበሬውን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ የውሃ ኩባንያውን ሰውዬና የምክር ቤቱን ጸሐፊ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጬ ሻይ እየቀዳሁ ሳስታርቅ፣ ያቺ ልጅ እንግሊዝ አገር ኮርንዎል ውስጥ ፊደል እየቆጠረች ነበር። እኔ ጸሎት ቤታችን ቻፕሉ ደጃፍ በረዶ ላይ ወድቄ አልጋ ስይዝ፣ ስፌቱ እንኳ ሳይደርቅልኝ ስብሰባ ጠርታችሁ ሾማችኋት። ለመሆኑ አንቺስ እጅሽን አውጥተሻል? ይህን አንድ ነገር በአራት ደብዳቤ አልነገርሽኝም።

እስከ ደረት የሚደርሰውን የውሃ ቦት ጫማዬን ለታምሲን ላውሳት ወይ ብለሻል። ከሰጠሻት በኋላ እንደጠየቅሽኝ አውቃለሁ፤ እህትሽ ነኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅም በያት። የግራው ደግሞ ጉልበቱ ላይ ውሃ ያስገባል። እሱን አትንገሪያት፤ ራሷ ትድረስበት።

የምትወድሽም የምታኮርፍሽም፣
ማርጌድ


ታን ብሪን እርሻ፣ ኦክቶበር 13

ውድ እትዬ፣

አዎ፣ እጄን አውጥቻለሁ። ይኸው ተነፈስኩ። አንቺ ሆስፒታል ነበርሽ፣ ሐኪሙም «ከእንግዲህ ወንዝ ውስጥ አትገባም» ብሎን ነበር፣ ሥራው ደግሞ ሰው ይፈልግ ነበር። ሳወጣው እጄ ከብዶኝ ነበር ብልሽ አታምኚኝም። ግን ከብዶኝ ነበር።

ቦቱ እውነትሽን ነው፣ ያስገባል። ታምሲን የመጀመሪያውን ቀን እግሯ በርዶ መጣችና በማግስቱ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ለጠፈችው። ማን እንደቀጣት ግን አልነገርኳትም።

አሁን ወንበር ይዘሽ ተቀመጪ። ኢድዋል ፈረመ! ያ ጎረቤታችን ኢድዋል፣ ላሞቹ የወንዙን ዳርቻ እየናዱ ውሃውን ጭቃ እንዳያደርጉት አጥር ይታጠር ስትዪው «ሬሳዬን ተሻግራችሁ» ሲልሽ የኖረው። ከገበያ ስመለስ አግኝቼው ያዝኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ብላ አሳመነችህ?» አልኩት።

«አላሳመነችኝም» አለ።

«ታዲያ?»

«ላም አለበችልኝ። አሥራ አራት ቀን በጠዋት እየመጣች ስታልብ ስለ አጥር ትንፍሽ አላለችም። በአሥራ አምስተኛው ቀን እኔን ራሴን አፌን በላኝና ‹ለመሆኑ ያ አጥርሽ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?› አልኳት። እህትሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ይዛ መጣች፤ ይቺ ባልዲ ይዛ መጣች።»

አትቆጪ፣ ቃሉ የሱ ነው። ላሞቹን የምታነጋግራቸው በኛ ቋንቋ፣ በዌልሽኛ ነው። ስትሳሳት ስለማያርሟት ከነሱ ጋር መለማመድ ትወዳለች።

ሌላም የምነግርሽ አለ፤ እስከዛሬ ያቆየሁት ፈርቼሽ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። መንደሩ ውስጥ የተከራየችውን ክፍል እርጥበት ስለበላው፣ ታምሲን ከሴፕቴምበር መግቢያ ጀምሮ እዚህ ናት። ያለችው ያንቺ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላ አልጋ የለንም እኮ፣ ታውቂያለሽ። ልብስሽን አጥፌ በሳጥን አስቀምጫለሁ። ልላክልሽ ወይስ ይቆይ?

እህትሽ ዴሊስ


ካርዲፍ፣ ኦክቶበር 22

ዴሊስ፣

«ውድ» የምትለዋን ቃል ዛሬ ትቻታለሁ። ሲበርድልኝ እመልሳታለሁ።

ልብሴ ይቆይ። የሞትኩ ይመስል ጓዜን በሳጥን አትላኪብኝ።

ቀንቻለሁ። ይኸው፣ በእጄ ጻፍኩት። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ቅናት የሌላ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። ከትናንት ወዲያ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ የኔም ሆነ፤ ምሳም አልበላሁ። ሹመቱን ትውሰደው፣ ሹመት ሻይ ማፍላት ነው። እኔን ያሳረረኝ ኢድዋል ነው። በዚያ ሰውዬ በር ላይ ስንቴ በዝናብ ርሼ ቆሜያለሁ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኔ ባለቤቱን አክብሬ፣ በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ በቀጠሮ ነበር የምሄድበት። ለካ ሰውዬው አልቦ የሚሰጠው ነበር የሚፈልገው! ማለብ እኮ አላቅተኝም ነበር፣ ዴሊስ። የሚጠይቀኝ አጥቼ ነው፤ እኔም ለመጠየቅ አልተፈጠርኩም።

ከኢድዋልም የባሰብኝ አንቺ ነሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ከስሜ ይልቅ ስሟ ይበዛል። ምሳ አብራችሁ ነው የምትበሉት? እራት ላይ ታስቅሻለች? ቻፕል ስትሄዱ በየትኛው ጎንሽ ትቀመጣለች? በቀኝሽ ከሆነ አትንገሪኝ።

አንድ ነገር ግን ልበልሽ። እሷ ካርታ አላት፣ ኮምፒውተር አላት፣ ባልዲ አላት። እኔ ደግሞ ስለ ሄሊግ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር አለኝ። ያየሁት ካለፈው ገና በፊት ነው፤ ከአንቺ እንኳ የደበቅኩት በማርቹ ስብሰባ ላይ ቆሜ ልናገረው ስለነበር ነው። ንግግሩን ሁሉ አሳምሬ አዘጋጅቼው ነበር። ሳልናገረው ወደቅኩ። እና ለጊዜው የኔ ነው። ዝም አይነቅዝም።

ማርጌድ


ታን ብሪን፣ ዲሴምበር 10

ውድ እትዬ፣

ኖቬምበርን ሙሉ ሁለት መስመር ካርድ ብቻ ልከሽ አስጨንቀሽኝ ነበር፣ ትናንት ጥቅልሽ ደረሰ። ጓንቱ ልክ ነው፣ እጅሽን ይባርከው። የሠራሽው አንድ ጥንድ ብቻ መሆኑን ታምሲንም አይታለች። «ገብቶኛል» ብላ ሳቀች። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ እትዬ።

ስለ ጎርፉ የጠየቅሽኝ እውነት ነው። ቤቱን አልነካውም፤ የታችኛውን መሻገሪያ ግን ጠራርጎ ወስዶታል። አሁን አንድ ሰው በእግሩ የሚቆምበት ቦታ የለውም። የኢድዋል አጥር የሚቆመው ደግሞ ከወዲያ ማዶ ነው፣ አራት መቶው ቋሚ እንጨት ከወዲህ። ጃንዋሪ 12 ሰው ሁሉ ተጠርቷል፤ ዓሣ አጥማጆቹ፣ መምህራኑ፣ የቻፕሉ መዘምራን ሳይቀሩ አጥር ሊያቆሙና ዳርቻውን የሚይዝ የአኻያ ዛፍ ሊተክሉ ይመጣሉ። እንጨቱ ከዚያ በፊት መሻገር አለበት። ኢድዋል ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ይህ ሰሞን ካለፈ ሐሳቡን ይቀይራል።

ታምሲን ወንዙን ላይ ታች ስትል ሰንብታ አንድ ቦታ አገኘች። ከወፍጮው ግድብ በላይ፣ ትልቁ አኻያ ሥር፣ ውሃው ስስ ሆኖ የሚሮጥበት ነው። ጠጠሩ ነጣ ያለ፣ ንጹሕ፣ ጎማ የማያሰምጥ። ካርታዋ ሳልሞን ዓሣ ከባሕር መጥቶ ከወፍጮው ግድብ በላይ ወጥቶ አያውቅም ይላል። እኛ ለዓሣዎቹ ግድቡን የሚያልፉበትን የድንጋይ መወጣጫ ከሠራንላቸው ሁለት ዓመት አልፎናል፤ እስካሁን አንድም የወጣ አልታየም። በወረቀቱ በኩል ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው።

ያም ሆኖ ትናንት ማታ እራት ላይ «ወይዘሮ ማርጌድን ይጠይቁልኝ» አለችኝ፤ «ካርታው የማያውቀውን እሳቸው ያውቃሉ።» ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። እዚያ ላይ ትራክተር ቢያልፍ የሚጎዳ ነገር አለ? አዎም ይሁን አይ፣ አንድ መስመር ይበቃናል። ኢድዋል ትራክተሩን የሚያስገባው ጃንዋሪ 9 ነው። ያንቺን ቃል እንጠብቃለን።

ለገና ነይልን። እለምንሻለሁ።

ዴሊስ


ካርዲፍ፣ ዲሴምበር 16
(በጊዜው ሳይላክ የቀረ)

ውድ እህቴ፣

አይለፍ! ሁሉንም ነገር ከመናገሬ በፊት ይህን ላስቀምጥ። እዚያ ጠጠር ላይ ጎማም የሰው እግርም እንዳያርፍበት።

ያ ጠጠር እንዲሁ አልነጣም። ያጠበችው ዓሣዋ ናት። ባለፈው ዓመት ዲሴምበር 4፣ ጠዋት፣ አኻያው ሥር ቆሜ አየኋት። ሴቷ ሳልሞን በጎኗ ተኝታ ጠጠሩን በጭራዋ እየመታች ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ወንዱ ከኋላዋ ይጠብቃል። እንቁላሏን ጣለች፣ ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ አለችና በጠጠር መልሳ ደፈነችው። የክንዴን ያህል ነበሩ ሁለቱም። እጄን አፌ ላይ ጭኜ አለቀስኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኳቸው ናቸው፣ ዴሊስ። መወጣጫው ሠርቷል ማለት ነው። ወንዙ ድኗል ማለት ነው።

እንቁላሉ ክረምቱን ሙሉ ከጠጠሩ ሥር ይተኛል። ዘንድሮም ጠጠሩ ነጭ ነው ካልሽኝ ተመልሰዋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ጠርገው ያጸዱት አልጋ ለኛ ጥሩ መሻገሪያ ይመስለናል። ማንም ቢሆን እዚያ ነው የሚሻገረው።

ለታምሲን ንገሪያት። እንጨቱን በላይኛው ድልድይ አዙረው ይውሰዱት፤ ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል እንጂ አይሞቱም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከዚሁ ሆኜ አየዋለሁ። እሷ ስብሰባ ላይ ቆማ ትናገረዋለች። «ሳልሞን ተመለሰ» ትላለች፣ ባማረ ድምፅዋ። ሰው ያጨበጭባል፣ ኢድዋል ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ካርታው ላይ ይገባል፣ የኔም ስም ከታች በትንሹ…


ካርዲፍ፣ ዲሴምበር 17

ውድ ዴሊስ፣

እንኳን ለገና በሰላም አደረሰሽ። የዘቢብ ዳቦ ልኬልሻለሁ፤ የመጀመሪያው አሮብኝ ሁለተኛውን ነው የላክሁት። ለገና ነይ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ፤ ግን በየትኛው አልጋ ልተኛ? ለዘንድሮ እዚሁ ልዋል።

ስለ መሻገሪያው የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ እኔ አሁን ከተማ ውስጥ የተቀመጥኩ አንካሳ አሮጊት ነኝ። እናንተ ባለሙያም አላችሁ፣ ካርታም አላችሁ። ካርታው የለም ካለ እኔ ማን ነኝ? እንደምታውቀው ታድርግ።

ለኢድዋል ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ላሞቹንም እንደዚያው።

እህትሽ ማርጌድ


ታን ብሪን፣ ጃንዋሪ 11

ውድ እትዬ፣

የዘቢብ ዳቦው ደርሷል፣ አመሰግናለሁ። አልቆረስነውም። አየሩ ብርድ ነው። ዳሌሽን እንዳይመታሽ ከቤት አትውጪ።

ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው እንዲህ የምቀባጥረው። ከትናንት በስቲያ ትራክተሩ ሰባት ጊዜ ተመላለሰ። በሰባተኛው ኢድዋል ወርዶ ጎማውን ሊያይ ሲጎነበስ፣ ውሃው አተር የሚያካክሉ ብርቱካንማ ነገሮች እያንከባለለ ሲወስድ አየ። ታምሲንን ጠራት። የሆነውን እሱ ይንገርሽ፤ እኔ ልጽፈው አልችልም። ወደ ቤት ስትመለስ እስከ ወገቧ ርሳ ነበር፤ መዳፏን ጨብጣ ወጥ ቤት ገባችና ከፈተችው። «አዩ፣ ወይዘሮ ዴሊስ» አለችኝ፣ «ዓይን አውጥተዋል።» በየእንቁላሉ ውስጥ ሁለት ሁለት ጥቁር ነጥብ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልቀመሰችም።

የጃንዋሪ 12ቱ ሥራ ቀርቷል። የዓሣ አጥማጆቹ ሊቀመንበር ሄቪን መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ታምሲን ላይ ጮኸባት። «የመወጣጫውን ድንጋይ በጫንቃችን የተሸከምነው ለዚህ ነው? በሃምሳ ዓመት የመጀመሪያው ሳልሞን ወጣ፤ እናንተ ትራክተር ነዳችሁበት!» አላት። እሷ ስለ አንቺ አላነሳችም። ጠይቄ ነበር አላለችም። «ካርታ አምኜ ውሃውን ሳላይ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብቻ አለች።

ጃንዋሪ 26 ስብሰባ አለ። ሄቪን እሷ ካልወጣች ዓሣ አጥማጆቹ ከኅብረቱ እንወጣለን ብሏል። ኢድዋል ደግሞ እሷ ከወጣች ቋሚውን ሁሉ ለምድጃዬ እፈልጠዋለሁ ይላል። ያም ሆነ ይህ ኅብረቱ የሚተርፍ አይመስለኝም።

ያሰብሽኝን ያህል ደህና ነኝ። ካንቺ የምጠይቀው ነገር የለኝም።

ዴሊስ


ካርዲፍ፣ ጃንዋሪ 15

እህቴ፣

«ካንቺ የምጠይቀው የለኝም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

አውቅ ነበር።

ከዚህ ጋር የታጠፈውን ሌላ ወረቀት ክፈቺው፤ ቀኑን እዪው። ዲሴምበር 16 ነው። ሁሉንም ጽፌው ነበር፣ መጨረሻው ላይ ደርሼ ቅናቴ እጄን ያዘኝ። ዓሣዎቹን የምጠላ ይመስል! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለነሱ ስል ጉልበቴ አልቋል፤ ከሷ አፍ ከሚሰሙ ግን ይሙቱ አልኩ። በቃል አላልኩትም፣ ግን እንዲያ ነው ያልኩት። ፖስታውን በሳጥኔ ቆልፌ ሌላ ጻፍኩልሽ። የዘቢብ ዳቦ ጋገርኩ። ያን ቀን ዘፈን ሁሉ እየዘፈንኩ ነበር ትላለች የልጄ ሚስት።

አሁን ቀን በቀን የማየው መዳፏን ነው። አንቺ የጻፍሽልኝን።

ስብሰባው ላይ ይህን ያልተላከውን ደብዳቤ አንብቢው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስለ ጭብጨባውና ስለ ስሜ ያልኩትን ሳትዘዪ። ቀጥሎ የላክሁልሽንም አንብቢ፤ ልጅቷ በእናንተ ፊት ጠይቃ እኔ እንደደበቅኩ ይወቁ። ለሄቪን ድንጋዩን ከሱ ጋር የተሸከምኩት እኔ መሆኔን አስታውሺው፤ ስድቡ ወደኔ ይዙር። መምጣት ይገባኝ ነበር፤ ዳሌዬን ማመካኘት እችላለሁ። እውነቱ ግን ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው።

ለታምሲን ምን እንደምል አላውቅም። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ለሷ ያንሳታል። በቀኝሽ አስቀምጫት።

አንቺንስ እንዴት ይቅርታ ልበልሽ? አምነሽ ጠየቅሽኝ፣ እኔ ተጫወትኩብሽ። ከእንግዲህ ባትጽፊልኝም አልፈርድብሽም።

ማርጌድ


ታን ብሪን፣ ጃንዋሪ 28

ውድ እትዬ፣

አነበብኩት። እንዳልሽው አንድም ቃል አልዘለልኩም። ስምሽ ከታች በትንሹ ይገባል ያልሽው ጋ ስደርስ የቻፕሉ አዳራሽ ሰው ሁሉ ወደኔ ቀና አለ። ሄቪን «የዚህች ሴትዮ ነገር!» ብሎ ባርኔጣውን ጨመቀው። በኋላ ድምፅ ሲሰጥ ለታምሲን የመጀመሪያውን እጅ ያወጣው እሱ ነው። ትቆያለች። አጥሩም ይቆማል፤ አኻያው ፌብሩዋሪ ላይ ይተከላል። ኅብረቱ ተርፏል። ያንቺን ስም ከክብር አባላት ዝርዝር ይሰረዝ ያሉ ነበሩ። ኢድዋል ተነስቶ «ተዉአት» አላቸው። «ማርጌድ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብቻዋን ማወቅ የለመደች ሴት ናት።» ስምሽ አለ። ግን እውነቱን ከፈለግሽ ብዙ ሰው አዝኖብሻል፣ ቶሎም አይረሳም።

ታምሲን ለአንቺ የላከችው ቃል የለም። ወደ እኔ መጣች፣ በሰው ሁሉ ፊት አቀፈችኝ፣ «እርስዎ ምን ያህል ከበደዎት፣ የገዛ እህትዎን» እያለች አለቀሰች። ሰው ሁሉ እጄን እየጨበጠኝ ወጣ።

አሁን የምጽፍልሽን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

እኔም አውቅ ነበር። ኖቬምበር 28 ላሞቹን ስመልስ አኻያው ሥር አየኋቸው፣ ሁለቱንም። ያን ወንዝ አንቺ ብቻ አላደግሽበትም እኮ፣ እትዬ። ጠጠሩ ለምን እንደነጣ አባባ ለሁለታችንም ነው ያሳየን። እና «የማታውቁት ነገር አለኝ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለታምሲን ልነግራት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። አንቺ ንገሪያት ብዬ ነው። አንቺ ብትነግሪያት ሥራው እንደገና ያንቺ ይሆናል፣ እሷም ታመሰግንሻለች፣ ትመጪያለሽ ብዬ። እራት ላይ «እህቴን እንጠይቃት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩልሽ ግን ሐሳቡ የሷ እንደሆነ አድርጌ ነው። ጥያቄው ስጦታ ነበር። መልሱን አላጣሁትም።

ያ የገና ደብዳቤሽ መጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «እንደምታውቀው ታድርግ።» እንዴት እንደተቃጠልኩ ልነግርሽ አልችልም። ዕድሜ ልኬን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ የምትወቅሺው አንቺ ነሽ፣ የምታኮርፊው አንቺ ነሽ፤ እኔ ቦት አዋሽ፣ ሳጥን አጣፊ። እንግዲያው አንዴ እንኳ ጥፋተኛዋ አንቺ ሁኚ አልኩ። ጃንዋሪ 9 ጠዋት ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ ትራክተሩ ሲወርድ አየሁት። ጓንትሽን አጥልቄያለሁ፣ ካፖርቴን ለብሻለሁ። «አሁን እወጣለሁ» እያልኩ ሰባቱንም ቆጠርኩ።

ስብሰባው ላይ ደብዳቤሽን ስጨርስ የኔንም ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፤ ወረቀቱን አጥፌ አልተቀመጥኩም፣ ቆሜ ነበር። ያኔ ነው መጥታ ያቀፈችኝ። እንዲያ አድርጎ የሚያቅፈኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም፣ እትዬ፤ አንቺም እንኳ። ብናገር ክንዷን ታነሳለች ብዬ ፈራሁ። ተቀመጥኩ። አሁንም ከላይኛው ፎቅ ስታንጎራጉር ይሰማኛል፤ ነገ ጠዋት ምድጃውን ለኔ ብላ ቀድማ ታነደዋለች።

ልነግራት አልችልም። ለማንም ልነግር አልችልም፣ ሆዴ ውስጥም ሊቀመጥልኝ አልቻለም። ስለዚህ ላንቺ ብቻ ጻፍኩት። አንቺ ዝም ማለት ታውቂያለሽ።

እህትሽ ዴሊስ